የፕሬዚዳንት ድምፅ በሌለበት የአንድን ወረዳ የምርጫ ታሪክ እንዴት እናጠናቅር?

ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ በሱሉልታ፣ በሰበታ ወይም በሰንዳፋ ዙሪያ ያለ የገጠር ወረዳ ድምፁን ለማን ሲሰጥ እንደኖረ ለማወቅ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የፕሬዚዳንት ምርጫ ውጤት ይፈልጋል። አያገኝም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 70 መሠረት ፕሬዚዳንቱን በሁለት ሦስተኛ ድምፅ የሚመርጡት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባቸው ነው፤ አቶ ታዬ አጽቀ ሥላሴ መስከረም 27 ቀን 2017 የተመረጡት እንዲሁ ነው። አሜሪካኖች በየካውንቲው (በወረዳ መሰል አስተዳደራቸው) የሚያወጡትን የፕሬዚዳንት ድምፅ የሚተካልን የተወካዮች ምክር ቤት ምርጫ ነው።

መጀመሪያ ወሰኑን ለዩ፤ ሥራው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው። ወረዳና የምርጫ ክልል ሁልጊዜ አይገጥሙም፤ ሁለት የምርጫ ክልል ያለው ወረዳ አለ። በዚያ ላይ በ2015 ሸገር ከተማ ሲዋቀር ሱሉልታ፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ለገጣፎ ለገዳዲ ተጠቃለሉበት። ስለዚህ የ1997ን ውጤት ከ2013ቱ ጋር በወረዳ ስም ብቻ አታነጻጽሩ፤ የቀበሌ ዝርዝር ይዛችሁ የትኛው ቀበሌ የት እንደገባ ምልክት አድርጉ። የሕዝብ ብዛቱንም ተጠንቀቁ፤ የመጨረሻው ቆጠራ የ1999ኙ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ግምት ነው።

ቀጥሎ በየምርጫ ጣቢያው አራት ቁጥር መዝግቡ፦ የተመዘገበ፣ ድምፅ የሰጠ፣ ዋጋ አልባ ድምፅ፣ እያንዳንዱ ዕጩ ያገኘው። ለሒሳቡ ያህል 1,200 ተመዝግበው 1,020 ቢመርጡ ተሳትፎው 85 በመቶ ነው። 34ቱ ዋጋ አልባ ቢሆኑ የሚቀረው 986 ነው፤ 540 ያገኘ ዕጩ ከዚህ 54.8 በመቶ አለው፣ ከተመዘገበው ግን 45 በመቶ ብቻ። ሁለቱን ሳትለዩ አንዱን ዓመት በዚህኛው፣ ሌላውን በዚያኛው ካሰላችሁ የሌለ ለውጥ ታያላችሁ። በጣቢያው በር ላይ የተለጠፈውን ውጤት በስልክ ያነሳ ሰው ከላካችሁም የዕጩዎቹን ድምፅ ደምሩና ዋጋ ካለው ድምፅ (በምሳሌያችን ከ986ቱ) ጋር አገናኙ፤ አንድ 1 እንደ 7 ተነቦ ከሆነ ያኔ ይገለጣል።

የክልል ምክር ቤቱን ድምፅ ከዚህ ጋር አትቀላቅሉ። በአንድ የምርጫ ክልል ከአንድ በላይ ተወካይ ስለሚመረጥ የዕጩዎቹ ድምር ከመራጩ ቁጥር ይበልጣል፤ ስሕተት የመሰለው ብዙ ሰው አለ።

መቀመጫ መቁጠርም ብዙ አይጠቅምም። በ2007 ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ስለያዙ ወረዳው ሁሉ አንድ ይመስላል። በ2013 ደግሞ ኦነግና ኦፌኮ የተባሉት የኦሮሞ ተቃዋሚ ፓርቲዎች ስላልተወዳደሩ፣ ኦሮሚያ ውስጥ ላለ ጣቢያ ከመቶኛው በፊት የዕጩዎቹን ስም ዝርዝር አንብቡ።