አስፈሪ ፊልም በሌሊት የሚያቀርብ ሰው ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

እ.ኤ.አ. በጥር 1963፣ በአንድ ዓርብ ሌሊት፣ ክሊቭላንድ በተባለችው የአሜሪካ ከተማ ከዜናው በኋላ ቻናል 8ን ሳይዘጉ የቆዩ ሰዎች አንድ ጉድ አዩ። ሰውየው ነጭ ገዋን ለብሷል። ጸጉሩ የተንጨባረረ ዊግ ነው፤ ጺሙ በማስቲሽ የተለጠፈ ነው፤ የጥቁር መነጽሩ አንደኛው መስታወት ወልቋል። ስሜ ጉላርዲ ነው አለ። የሚያሳየው ፊልም ርካሽ ነበር፤ እርሱም የፊልሙን ገበና አልሸፈነም። እንዲያውም ተመልካቹ በዚህ ጊዜውን ባያባክን እንደሚሻል ይመክር ነበር። ተመልካቹ ግን አልተኛም፤ በሳምንቱም ተመልሶ መጣ።

በዊጉ ሥር የነበረው ኧርኒ አንደርሰን የጣቢያው አስተዋዋቂ ነው። አስፈሪ ፊልም በሌሊት የማቅረቡን ሙያ የጀመረው ግን እርሱ አይደለም። በ1957 ስክሪን ጄምስ የተባለ ኩባንያ 52 የቆዩ የዩኒቨርሳል ፊልሞችን በአንድ ጥቅል አድርጎ ለየከተማው የቴሌቪዥን ጣቢያ ሸጠ፤ በ1931 የወጡት ድራኩላና ፍራንከንስታይን በጥቅሉ ውስጥ ነበሩ። ጣቢያዎቹ ፊልሙን የሚያስተዋውቅ፣ በማስታወቂያው መሀል ብቅ እያለ የሚያጫውት ሰው አስፈለጋቸው። በዚህ የተነሳ ብዙ ከተሞች የየራሳቸው ጭራቅ መሳይ አቅራቢ ኖራቸው። (ዓመተ ምሕረቱን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በእኛ 1957 ደግሞ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረበት ዓመት ነው። ምንም ግንኙነት የለውም፤ ግጥምጥሞሹ ደስ ስላለኝ ነው።)

ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። የውጭ ፊልም በአማርኛ እየተረኩ በዩቲዩብ የሚያቀርቡ ወጣቶች በዝተዋል፤ ከመካከላቸው ወደ አስፈሪው ፊልም የሚያዘነብሉም አሉ። ሲሠሩ ሳያቸው እነዚያ የአሜሪካ አቅራቢዎች ከስድሳ ዓመት በፊት በተሰናከሉበት ድንጋይ ሲሰናከሉ አገኛቸዋለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ልናገር።

ሥራዬ ማስፈራራት ነው ብሎ መነሳት

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ድምፁን አጎርንኖ፣ መብራቱን አጥፍቶ፣ «ዛሬ ሌሊት እንቅልፍ አይወስዳችሁም» የሚል አቅራቢ ከፊልሙ ጋር ውድድር ገብቷል፤ ውድድሩን ደግሞ ይሸነፋል። ፊልሙ ሙዚቃ አለው፣ ጭጋግ አለው፣ የሚከፈት የሬሳ ሣጥን አለው። አቅራቢው ያለው ፊቱና አፉ ብቻ ነው።

እነዚያ ሰዎች የያዙት ሥራ ሌላ ነበር። ሌሊት ብቻውን ከቴሌቪዥን ጋር የተቀመጠውን ሰው ያጫውቱ ነበር። ፊላደልፊያ ላይ በ1957 ሮላንድ በሚል ስም የጀመረው ጆን ዛከርሊ በሬሳ ሣጥን ውስጥ ተኝታለች የምትባል ሚስት ነበረችው፤ ሁልጊዜ «ውዴ» እያለ ያናግራታል፣ እርስዋ ግን አትታይም። ይህ ማንንም አያስፈራም። ግን ፊልሙ ቢያስፈራ እንኳ ክፍሉ ውስጥ የሚያውቁት ሰው አለ። አያቶቻችን የጅብ ተረት ሲያወሩ ያደርጉት የነበረው ይኸው ነው፤ ጅቡ በሩ ላይ ሲደርስ ልጁ ቀሚሳቸው ውስጥ ይደበቃል፣ ያን ጊዜ እሳቱን ቆስቁሰው ጅቡን ሞኝ ያደርጉታል። ፍርሃቱን የሚያመጣው ተረቱ ነው። አያት የምታስፈልገው ልጁን ለማቆየት ነው።

ለሁሉም ሰው መናገር

ስለዚህኛው ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የማይረዳው ይህ ነውና።

አንደርሰን የሚናገረው ለአሜሪካ አልነበረም፤ ለክሊቭላንድና ለአካባቢዋ ነበር። ከከተማዋ ጎን ፓርማ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ብዙዎቹ ነዋሪዎቿ ቤተሰቦቻቸው ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ ሠራተኞች ነበሩ። አንደርሰን ፓርማን ያዘና አልለቅም አለ፦ ነጭ ካልሲያቸውን፣ ፖልካ ሙዚቃቸውን፣ በየግቢያቸው ሣር ላይ የሚተክሉትን ሮዝ የላስቲክ ወፍ። ከዚያም አልፎ በፓርማ የሚቀልድ አጭር ተከታታይ ድራማ ሠራና በፊልሙ መሀል ያሳይ ጀመር። የፓርማ ሹማምንት ቅር አሉ፤ ድራማውም ቆመ። በሌላ ጣቢያ ዜና የምትተነትነውን ታዋቂዋን ዶሮቲ ፉልድሃይምንም አልማራትም። ይህን ሁሉ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ሰው ቢሰማ አይገባውም፤ እንዳይገባውም ተደርጎ ነው የተሠራው። የክሊቭላንድ ልጅ ግን ቴሌቪዥኑ ስለ ሰፈሩ ሲያወራ ሰማ።

ቺካጎ ውስጥም ስቬንጉሊ የተባለው ጭራቅ «ቤርዊን» የምትባለውን የከተማዋን ዳርቻ ስም በጠራ ቁጥር ሰው ይስቅ ነበር። ስም መጥራት ብቻ! ቀልዱ ይህን ያህል ነው።

የእኛ አቅራቢዎች ግን አዲስ አበባ ተቀምጠው ለዓለም ይናገራሉ። «ውድ ተመልካቾቻችን በያላችሁበት» ይላሉ፤ በያላችሁበት ማለት የትም ማለት ነው። ሽሮ ሜዳ የሚኖር ሰው ስለ ሽሮ ሜዳ ዳገት ቢያወራ፣ ጭራቁ ታክሲ ወረፋ ላይ ቢቆም፣ ቫምፓየሩ መብራት ሲጠፋ ቢደሰት፣ ዱባይና ዴንቨር ያለውም ሰው ይስቃል፤ እርሱም ከአንድ ሰፈር የወጣ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ። በአገራችን በአካባቢ ስም መቀለድ ከቀልድ የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። አንደርሰን ለጎረቤቱ ፓርማ ያደረገውን እኔ ለማላውቀው ክልል ብሞክር አያምርብኝም። የራስን ሰፈር መያዝ ይበቃል።

በማይገባበት ቦታ መግባት

እዚህ ላይ የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ። አንድ ክረምት ፕሮጀክተር ተከራይቼ ለሰፈራችን ሰዎች የሙታን ፊልም አሳየሁ። ጥቁር ካባ ለብሼ፣ በየአሥር ደቂቃው ፊልሙን እያቆምኩ ታሪኩን አብራራ ነበር። ልጅቷ ምድር ቤት ልትወርድ እጇን በሩ ላይ ስታደርግ አቆምኩና ስለ ዳይሬክተሩ ማውራት ጀመርኩ። ከኋላ አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ወይ አንተ አውራ ወይ እርስዋ ትውረድ» አሉኝ። ፊልሙ እስኪያልቅ አፌን አልከፈትኩም።

ፊልም ሲላላ ይገባሉ፤ ሲጠነክር ይወጣሉ። የቀድሞዎቹ ይህን ያወቁት ለማስታወቂያ የሚቆረጠው ቦታ ቀድሞ የተወሰነ ስለነበረ ጭምር ነው። ከዚያ ውጭ መግባት ሲያምራቸው በወሬ አልነበረም። ዛከርሊም አንደርሰንም የራሳቸውን ምስል ፊልሙ ውስጥ ይከቱ ነበር፦ ጭራቁ ሲመጣ ጉላርዲ ከፊቱ ይሮጣል፣ ወይም የፊልሙ ድምፅ ይጠፋና የዘመኑ ዘፈን ይለቀቃል። አንድ ሴኮንድ ነው፤ ፊልሙ አይቆምም፣ ሳቁም ያልፋል። ይህን ዘዴ ዛሬ በአንድ ስልክ መሥራት ይቻላል፤ ያን ጊዜ በጣቢያው መሐንዲሶች ጉልበት ነበር የሚሠራው። ከእነርሱ አንዱ ቸክ ሾዶውስኪ ነበር። እርሱ ኋላ ራሱ አቅራቢ ሆኖ ለአርባ ዓመት ያህል በዚያው ጣቢያ ቆየ።

ልብስ ላይ ገንዘብ መጨረስ

የዛከርሊ ረጅም ጥቁር ካፖርት ቀደም ሲል በዚያው ጣቢያ በሚተላለፍ የካውቦይ ድራማ ውስጥ ቀባሪ ሆኖ ሲጫወት የለበሰው ነበር። ከዚህ በላይ የምጨምረው የለም።

ርችትም አንድ ነገር ነው። ጉላርዲ ተመልካች የላከለትን አሻንጉሊትና ኮተት በርችት ማፈንዳት ይወድ ነበር፤ አንድ ጊዜ ስቱዲዮውን በእሳት ሊያስበላው ደርሷል። ጠጅ ሳር የተነጠፈበት ሳሎን ውስጥ የሚቀርጹ ሰዎች ይህን ልብ ይበሉ።

በዚህ ብቻ እኖራለሁ ማለት

የጭራቁ ዝና የከተማዋን ወሰን አያልፍም፤ ገንዘቡም እንዲሁ። ዋሽንግተን ውስጥ በ1973 በቻናል 20 ካውንት ጎር ዴ ቮል ሆኖ የመጣው ዲክ ዳይዝል በዚያው ጣቢያ ለልጆች ቦዞ የተባለው ቀልደኛም፣ ካፒቴን 20ም እርሱ ነበር፤ አስተዋዋቂነቱ ሳይቆጠር። ከአብዮቱ በኋላ ዋሽንግተን የገቡ ወገኖቻችን ከሥራ መልስ ቴሌቪዥን ቢከፍቱ፣ ልጆቻቸው ከሰዓት የሚያዩትንና እነርሱ ሌሊት የሚያዩትን ሰው አንድ ነው ብለው የሚጠረጥሩ አይመስለኝም። ክሊቭላንድም እንደዚሁ ነው፤ አንደርሰን ከሄደ በኋላ ቦታውን ከሾዶውስኪ ጋር የያዘው ቦብ ዌልስ የአየር ሁኔታ ዘጋቢ ነበር።

ሥራው ከስቱዲዮ ውጭም ነበር። የፊላደልፊያው ጣቢያ ተመልካቾች መጥተው ሮላንድን እንዲያዩ በሩን ሲከፍት ወደ 13,000 ሰው መጣ። አንደርሰን ከጣቢያው ባልደረቦቹ ጋር ቡድን አቋቁሞ፣ በየትምህርት ቤቱና በየሜዳው ለበጎ አድራጎት ኳስ ይጫወት ነበር። ተመልካች ያፈሩት በሌሊቱ ፊልም ብቻ ሳይሆን በእነዚያ ቀኖች ጭምር ነው። ካሜራ ፊት ብቻ የሚኖር አቅራቢ የሚቀበለው ደብዳቤ አይኖረውም። ዛሬ ደብዳቤው «ኮሜንት» ሆኗል፤ ቢያንስ መልስ ይሰጥ።

ስሙ የማን እንደሆነ አለመጠየቅ

ከሁሉም በፊት የመጣችው ሴት ናት፦ ማይላ ኑርሚ፣ በ1954 ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ቫምፓይራ በሚል ስም። የስክሪን ጄምስ የፊልም ጥቅል ገና አልተሸጠምና የምታሳየው ያገኘችውን ርካሽ ፊልም ነበር። የገጸ ባሕሪዋን መብት ለጣቢያው አልሸጥም አለች፤ በ1955 ፕሮግራሙ ቢዘጋም ስሙ በእጇ ቀረ። በ1981 ሌላ ጣቢያ ቫምፓይራን ላንሣ ሲል አብራ ጀመረች፤ ኋላ ግን ተለያዩ። ጣቢያውም ስሙን መጠቀም ስላልቻለ ሌላ ስም አወጣ፦ ኤልቫይራ። ካሳንድራ ፒተርሰን ኤልቫይራን ይዛ በመላው አገሪቱ ታወቀች። ኑርሚ ከሰሰች፤ በ1989 ክሱ ውድቅ ሆነ። ፍርድ ቤቱ የተቀበለው የአንድን ሰው እውነተኛ ምስል መጠቀምን እንጂ መመሳሰልን አልነበረም።

ከዚህ ሁለት ነገር ይወሰዳል። ስም ባለቤት አለው፤ ጥቁር ቀሚስና ረጅም ጥፍር ግን የማንም አይደለም። የክሊቭላንዱም ተመሳሳይ ነው። ሮን ስዊድ የተባለ የአንደርሰን ረዳት ጉላርዲን ሊቀጥል ሲል አንደርሰን መረቀው፤ ስሙ ግን የጣቢያው ባለቤቶች ስለነበረ፣ በ1971 «ጉል» ተብሎ ወጣ። ስለዚህ ለማንም ጣቢያ ከመፈረም በፊት ስሙ የማን ይሆናል ብሎ መጠየቅ ነው፤ ሰው ደሞዙን ይጠይቅና ይህን ይረሳዋል።

የፊልሙ መብት ደግሞ አለ። ዩቲዩብ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት የቅጂ መብት ጥሰት የተመዘገበበትን ቻናል ይዘጋል። በ1968 የወጣው «የሕያዋን ሙታን ሌሊት» አሜሪካ ውስጥ የሕዝብ ንብረት ነው፤ አከፋፋዩ ርዕሱን ሲቀይር የመብት ማስታወቂያው ከፊልሙ ላይ ቀረ፣ በዚያን ጊዜ ሕግ ይህ መብቱን አሳጣው። አዘጋጆቹን የጎዳ ስህተት ነው፤ ለአቅራቢዎች ግን እስከ ዛሬ እንጀራ ሆኗል።

ቅጂ አለማስቀመጥ

የቪዲዮ ካሴት ውድ ነበር፤ ጣቢያዎችም በላዩ ላይ ደግመው ይቀርጹበት ነበር። አብዛኛው ደግሞ ቀጥታ ስርጭት ነው። ከጉላርዲ አራት ዓመት ያህል ሥራ የቀረው ጥቂት ቁርጥራጭ ነው፤ ከቫምፓይራም እንደዚሁ። ዛሬ ሰው በስልኩ ሁሉን ይቀርጻል፤ ግን ስልኩ ይሰረቃል፣ ቻናሉ ይዘጋል፣ ያን ጊዜ ምንም የለም። ሁለተኛ ዲስክ መግዛት ከካባ ይቀድማል።

ወንበሩን ለማንም አለማዘጋጀት

የሌሊቱ ሰዓት ከ1984 በኋላ ለእነዚህ ሰዎች እየጠበበ ሄደ። መንግሥት የማስታወቂያን የሰዓት ገደብ ሲያነሳ ጣቢያዎች ሌሊቱን ለዕቃ ሻጮች መሸጥ ጀመሩ። ካውንት ጎር በ1987 ከቻናል 20 ወጣ፤ በ1998 ግን ኢንተርኔት ላይ በየሳምንቱ ማቅረብ ጀመረ። ኢንዲያናፖሊስ ላይ ሳሚ ቴሪ የነበረው ቦብ ካርተር ካባውን ለልጁ አወረሰ።

በጣም ደስ የሚለኝ ግን የቺካጎው ነው። ጄሪ ቢሾፕ በ1970 ስቬንጉሊ ሆኖ ሲጀምር ሪች ኮዝ የሚባል ተማሪ ቀልድ እየጻፈ በፖስታ ይልክለት ነበር። ቢሾፕ ጸሐፊ አድርጎ ወሰደው። ፕሮግራሙ ተዘግቶ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ በ1979፣ ኮዝ በቢሾፕ ፈቃድ «የስቬንጉሊ ልጅ» ተብሎ ወጣ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደ ሌላ ጣቢያ ሲዛወር ቢሾፕ አሁን አድገሃልና «ልጅ» የሚለውን ጣለው አለው። ጣለው፤ በዚያው ስምም ከ2011 ጀምሮ በመላው አሜሪካ ይታያል። ቤርዊን የሚለውንም ቀልድ አልተወውም።