ብሮድዌይ ላይ ፕሪቪው ለማየት ስታስቡ እነዚህን ስህተቶች አስወግዱ

ብሮድዌይ፣ ማለት የኒውዮርክ ታላላቅ ቴአትር ቤቶች፣ ላይ አዲስ ትርኢት ሲመጣ የመጀመሪያው ምሽት ምረቃው አይደለም። አገር ቤት ቴአትር ሲመረቅ ማየት የለመደ ሰው እዚህ ላይ በቀላሉ ይሳሳታል። ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ትርኢት ከመመረቁ በፊት አብዛኛውን ጊዜ ለጥቂት ሳምንታት ከፍሎ በሚገባ ተመልካች ፊት ይታያል። ይህ ጊዜ ፕሪቪው ይባላል። ተዋንያኑ ቀን የተቀየረውን ይለማመዳሉ፣ ማታ ያንኑ ያሳያሉ። ትላንት የነበረ ዘፈን ዛሬ ላይኖር ይችላል። ምረቃው ጥቂት ቀን ሲቀረው አዘጋጁ «በቃ፣ ከዚህ በኋላ አይነካም» ይላል። ሃያስያን የሚጋበዙትም በዚያው ሰሞን ነው።

እኔ ፕሪቪው በጣም እወዳለሁ። ሳያውቁ የገቡ ሰዎች ተበሳጭተው ሲወጡ ሳይ ግን አዝናለሁ። ብስጭቱ አስቀድሞ ሊቀር የሚችል ነበርና።

ቀኑን ሳያዩ ትኬት መቁረጥ

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። ትኬት የምትቆርጡበት ገጽ ላይ ፕሪቪው መሆኑ ጎልቶ ላይጻፍ ይችላል። ስለዚህ የትርኢቱን ድረ ገጽ ክፈቱና ሁለት ቀኖች ፈልጉ፤ ፕሪቪው የሚጀምርበትንና የሚመረቅበትን። በሁለቱ መሃል ያለው ሁሉ ፕሪቪው ነው። እሱም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። የመጨረሻዎቹ ጥቂት ቀናት ከምረቃው ብዙም አይለዩም። የመጀመሪያዎቹ ግን ሌላ ዓለም ናቸው።

ምን ያህል ሌላ ዓለም እንደሆኑ ለማየት «ስፓይደርማን፦ ተርን ኦፍ ዘ ዳርክ»ን አስታውሱ። የመጀመሪያው ፕሪቪው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 28 ቀን 2010 ነበር። ትርኢቱ በዚያ ምሽት አምስት ጊዜ ቆመ። የመጀመሪያው ክፍል ሲያልቅ ዋናው ገጸ ባሕርይ በገመድ እንደተንጠለጠለ ከተመልካቹ ራስ በላይ ቀረ። የመድረክ ሠራተኞች እግሩን ይዘው ሊያወርዱት ሲንጠራሩ ሕዝቡ ቁጭ ብሎ ያያል። አንዲት ተመልካች መሞከሪያ ተደረግን ብላ ጮኸች። ምረቃው ደጋግሞ ተራዘመና ከ182 ፕሪቪው በኋላ በጁን 14 ቀን 2011 ሆነ። በመሃሉ አዘጋጇ ጁሊ ቴይሞር ከሥራው ተነሥታ ትርኢቱ ለሦስት ሳምንት ተዘግቶ ተከልሷል። እንዲህ ያለ ነገር በየጊዜው አይገጥምም። ግን ማሽነሪ፣ በረራና የሚሽከረከር መድረክ የበዛበት ትርኢት ከሆነ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ መቆም መጀመር እንዳለ ጠብቁ።

«ፕሪቪው ስለሆነ ይረክሳል» ማለት

ለንደን ውስጥ ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ የፕሪቪው ዋጋ ቀነስ ይላል። ብሮድዌይ ላይ ግን አትመኑት። በ2025 ዴንዝል ዋሽንግተንና ጄክ ጂለንሃል የተጫወቱበት «ኦቴሎ» ገና ፕሪቪው ላይ እያለ ጥሩ ጥሩው ወንበር ከ900 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። ስመ ጥር ተዋናይ ካለበት ቅናሽ የለም። ስመ ጥር ከሌለበትና ገና ወሬው ካልተሰማ ግን የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ደህና ዋጋ ሊገኝ ይችላል። ታይምስ ስኩዌር ቀዩ ደረጃ ሥር ያለውን የቲኬቲኤስ የቅናሽ መስኮትም ሞክሩ።

ከአገር ቤት የመጣን እንግዳ መጀመሪያው ሳምንት ላይ መውሰድ

እናት ወይም አክስት ከአዲስ አበባ መጥታለች። ኒውዮርክን ልታሳዩዋት ነው፤ ብሮድዌይ የምትገባውም አንዴ ነው። እባካችሁ ለዚያ ቀን የቆየ፣ የበሰለ ትርኢት ምረጡላት። እንግሊዝኛው በፍጥነት ለማይገባው ሰው ታሪኩ ራሱ ገና ካልጠራ ምሽቱ ድካም ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከፊላደልፊያ በአውቶቡስ ለሚመጣ ደግሞ ሌላም ጣጣ አለ። መጀመሪያ ላይ ትርኢቱ ስንት ሰዓት እንደሚወስድ አዘጋጆቹም በትክክል አያውቁትም፤ የተንዛዛው የሚቆረጠው ኋላ ነው። የመመለሻ ትኬታችሁን ከትርኢቱ ማብቂያ ጋር አታጣብቁት። ወይ እዚያው እደሩ፣ ወይ የቀኑን ትርኢት ግቡ።

አንድን ተዋናይ ብቻ ብሎ መሄድም ያው ነው። ተተኪ ተዋንያን በደንብ መለማመድ የሚጀምሩት ብዙ ጊዜ ዘግይተው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ዋናው ሰው ከታመመ ምሽቱ ጭራሽ ሊሰረዝ ይችላል። ከተሰረዘ ገንዘባችሁ ይመለሳል ወይም ቀን ይቀየርላችኋል። የሆቴሉንና የመንገዱን ወጪ ግን ማንም አይመልስላችሁም።

በአንድ ምሽት መፍረድ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የፕሪቪው ነፍስ ያለችው እዚህ ነውና።

በ1962 «ኤ ፈኒ ቲንግ ሃፕንድ ኦን ዘ ዌይ ቱ ዘ ፎረም» የተባለው ኮሜዲ ኒውዮርክ ከመግባቱ በፊት ዋሽንግተን፣ ናሽናል ቴአትር ታየ። አልሳቀም ሰው። ታዋቂው አዘጋጅ ጀሮም ሮቢንስ ተጠርቶ መጣና ችግሩን አገኘው፤ የመክፈቻው ዘፈን ለስለስ ያለ የፍቅር ዘፈን ስለነበር ተመልካቹ ምን ሊያይ እንደተቀመጠ አላወቀም። የዘፈኖቹ ደራሲ ስቲቨን ሶንድሃይም ሌላ ጻፈ። አዲሱ ዘፈን ዛሬ ማታ ኮሜዲ ነው ብሎ በግልጽ የሚናገር ነው። ኒውዮርክ ላይ ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ዋሽንግተን ያየው ሰው ትርኢቱ ደካማ ነው ቢል ያየውን ነው የተናገረው። ያየው ግን ያላለቀውን ነው።

ተቃራኒውም አለ። የዚያው የሶንድሃይም «ሜሪሊ ዊ ሮል አሎንግ» ታሪኩ ከመጨረሻው ተነሥቶ ወደ መጀመሪያው የሚሄድ ነው። በ1981 ፕሪቪው ላይ ተመልካቹ ማን ማን እንደሆነ ጠፋበት፤ ሰው እየተነሣ ይወጣ ጀመር። አልባሳቱ ተጥለው ተዋንያኑ ማንነታቸው ደረታቸው ላይ የተጻፈበት ቲሸርት ለበሱ። ዋናው ተዋናይ ተቀየረ፣ የውዝዋዜ አዘጋጁ ተቀየረ፣ ምረቃው ተራዘመ። አልዳነም፤ ከተመረቀ በኋላ 16 ጊዜ ብቻ ታይቶ ተዘጋ። ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በየጊዜው ሲከለስ ኖሮ፣ በ2023 ወደ ብሮድዌይ ተመለሰ። በ2024 ዳግም ለተዘጋጁ ሙዚቃዊ ቴአትሮች የሚሰጠውን ቶኒ፣ የብሮድዌይን ትልቁን ሽልማት፣ ወሰደ።

ስለዚህ ፕሪቪው ላይ ስትቀመጡ «ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ከማለት «ምኑ ገና ነው?» በሉ። የቱ ጋ ሰው ሰልችቶት ማሳል ጀመረ? የቱ ጋ ጸጥ አለ? የትኛው ቀልድ ሳይያዝ አለፈ? ደራሲውና አዘጋጁ ብዙ ጊዜ ከኋላ ቆመው የሚያዳምጡት ይህንኑ ነው። የእናንተ ሳቅና ዝምታ ነገ ጠዋት ልምምድ ላይ ሥራ ይሆናል። በምረቃ ተመልካቾች አልቀናም፤ በዚህ ግን ፕሪቪው በሚያዩት እቀናለሁ።

ሳይመረቅ ፍርድ መለጠፍ

ለንደን ውስጥ በ2015 ቤነዲክት ካምበርባች «ሃምሌት»ን ሲጫወት ታዋቂው «መሆን ወይስ አለመሆን» መነባንብ የቴአትሩ መጀመሪያ ላይ ተደርጎ ነበር። ሁለት ጋዜጦች ምረቃውን ሳይጠብቁ የመጀመሪያውን ፕሪቪው አይተው ሂስ ጻፉ። ብዙ ሰው ተቆጣ። ሳምንታት ሳያልፉ መነባንቡ ቦታው ተቀየረ። ያየነውን መናገር መብታችን ነው፤ ግን በየትኛው ቀን እንዳየነው አብረን እንጻፍ። በስልክ መቅረጽ ደግሞ ጭራሽ ክልክል ነው።

ፈርቶ መቅረት

ይህን ሁሉ አንብባችሁ «እንግዲያው ከምረቃ በኋላ» ካላችሁም ስህተት ነው። አዲስ ሥራ ከሆነ፣ ኒውዮርክ አጠገብ ካላችሁና ሌላ ጊዜ መመለስ ከቻላችሁ ግቡ። ከተቻለ አንዴ መጀመሪያው ሳምንት፣ አንዴ ከምረቃ በኋላ እዩት።

ዋሽንግተንና አካባቢው ላለን ደግሞ ጉዞም አያስፈልገንም። ከተማችን ለብሮድዌይ የሚዘጋጁ ሥራዎች የሚሞከሩባት የቆየች ቦታ ናት። «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» በ1957 መጀመሪያ የታየው እዚሁ ናሽናል ቴአትር ነው። «ቢትልጁስ»ም በ2018 እዚያው ተሞክሯል። «ዲር ኢቫን ሃንሰን» በ2015 እዚሁ ከተማችን ባለው አሪና ስቴጅ ቴአትር ቤት ሲታይ ብዙ ሰው ስሙንም አያውቅም ነበር፤ በ2017 ስድስት ቶኒ ወሰደ። የሁለቱን ቤቶች የዓመት ፕሮግራም ሲወጣ እዩና ከብሮድዌይ በፊት የሚል ነገር ካያችሁ ትኬቱ ሳይወደድ ቁረጡ።