ከልጅ ጋር ነፍሳት ፎቶ ስታነሱ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ቢራቢሮዋ ደብዝዛ ከኋላዋ ያለው ሳር ጥርት ብሎ ከወጣ፣ ስልካችሁ አልተበላሸም። በጣም ተጠግታችሁ ነው። የብዙ ስልኮች ዋና ካሜራ ከ10 ሳንቲሜትር በታች ሲጠጉት ፎከስ ማድረግ ያቅተዋል፤ ልጅ ደግሞ ስልኩን አበባው ላይ ካልለጠፈ ያነሳ አይመስለውም። አንድ ስንዝር ያህል ራቁ፣ ሁለት እጥፍ ዙም አድርጉ፣ ስክሪኑ ላይ ቢራቢሮዋን ነክታችሁ ጣታችሁን ትንሽ አቆዩት፤ አብዛኛው ስልክ ፎከሱን እዚያው ይቆልፈዋል። ከዚያ በላይ ዙም አታብዙ፣ ምስሉ ይሻክራል። ስልኩ ማክሮ (በጣም ቀርቦ ለማንሳት የተሠራ የካሜራ አማራጭ) ካለው ግን ተጠጉ።

ሁሉም ፎቶ ጭጋግ ከለበሰ ሌንሱ ላይ ብስኩት የበላ ጣት አርፏል። በንጹህ የጥጥ ጨርቅ ጥረጉት።

ገና ሳትደርሱ እየበረሩ ካስቸገሩ፣ የሚያባርራቸው ሩጫና ድንገት የሚወድቅባቸው ጥላ ነው። ፀሐይዋን ከጎናችሁ አድርጉ። ጠዋት ፓርኩ እንደተከፈተ ግቡ። ነፍሳት ሙቀት የሚያገኙት ከአካባቢያቸው ስለሆነ ሲበርዳቸው ይፈዛሉ፤ የአዲስ አበባ ጠዋት ደግሞ ይበርዳል፣ እንጦጦማ ይብሳል፣ ስለዚህ ቢራቢሮዎቹ ክንፋቸውን ዘርግተው ፀሐይ ሲሞቁ ታገኟቸዋላችሁ። ልጁን "አትሩጥ" እያሉ ከመጮህ የማይሮጥ ነገር መስጠት ይቀላል፦ ጥንዚዛ፣ ወይም ቀንድ አውጣ (ነፍሳት አይደለም፣ ግን ማን ይጠይቃችኋል)። አበባ ላይ ያለች ንብም ሥራ ላይ ስለሆነች ብዙም አትሸሽም፤ ቀፎ ካለ ግን ወደዚያ አትጠጉ።

አደይ አበባው ላይ ያለችው ንብ ፎቶው ላይ ከደበዘዘች ምክንያቱ ነፋስ ነው። ግንዱን ከታች በሁለት ጣት ያዙና በተከታታይ አንሱ፤ አንዱ አይጠፋም።

ፎቶው ሁሉ ከላይ የታየ ጥቁር ነጥብ ከሆነስ? ቁመታችሁ ነው። ተንበርከኩ፣ ካልሆነ ስልኩን ለልጁ ስጡት፣ የሱ ዓይን አበባው ጋ ነው። በዚያው ማኩረፉም ይቀንሳል፣ ብዙ ጊዜ የሚያናድደው ስልኩን አለመያዙ ነውና። ስልኩ እንዳይወድቅ የእጅ ማሰሪያ አድርጉለት፣ ዳታውንም አጥፉ፣ አለዚያ ቢራቢሮው ቀርቶ ዩቲዩብ ይጀመራል።

እጁን ካሳከከው ምናልባት ፀጉራም አባጨጓሬ ነክቷል። አትሹት፣ ፀጉሩ ይበልጥ ይገባል። በፕላስተር ለጥፋችሁ አንሱና በውኃና በሳሙና እጠቡት። ፊቱ ካበጠ ወይም መተንፈስ ካስቸገረው ፎቶውን ትታችሁ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።