ሊጡ በርዶታል፦ እንጀራ ሲበላሽ ምክንያቱና መፍትሄው

ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ የተዛወርኩት በሐምሌ ነበር። ጤፉ የለመድኩት ጤፍ ነው። እርሾው በጠርሙስ ይዤው የመጣሁት የራሴ እርሾ ነው። ምጣዱም ያው ነው። እንጀራው ግን ሌላ ሆነ። አይን የለው፣ ልስላሴ የለው፤ ስጠቀልለው ይሰበራል። ሦስት ጊዜ አቡክቼ ሦስቱም ተበላሸ። ጤፍ በዚህ ዋጋ እየተገዛ አንድ ቡሃቃ ሊጥ ሲበላሽ ሆድ ይበላል።

በአራተኛው ጎረቤቴ ያሉ እናት ገቡ። የቡሃቃውን ክዳን አንስተው ጣታቸውን ከተቱና «ልጄ፣ ሊጥሽ እኮ በርዶታል» አሉኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደብረ ማርቆስ 2400ን ታልፋለች፤ እንጅባራ ከዚያም ከፍ ትላለች። ጎጃም ውስጥ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ስትሄዱ ሊጡም አየር ይለወጥበታል። እኔ ግን በባሕር ዳር ቀን ቆጠራ ማርቆስ ላይ እየጋገርኩ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እንጀራ ሲበላሽብኝ ጤፉን አልወቅስም። ምልክቱን አያለሁ፣ ወደኋላ ሄጄ ምክንያቱን እፈልጋለሁ። የደረስኩበትን እነሆ።

እንጀራው አይን አልባ ነው

ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረው ይሄ ነው። ምክንያቱም አንድ ብቻ አይደለም፤ ከሊጡ ጀምሮ በተራ ማየት ነው።

መጀመሪያ አብሲት (ከሊጡ ተቀንሶ በውሃ በስሎ ተመልሶ የሚገባው) ከመጣላችሁ በፊት ሊጡን እዩት። ላዩ ላይ ቢጫ ውሃ ካልጠለለ፣ ሽታውም ገና የዱቄት ከሆነ፣ ሊጡ አልደረሰም። ምክንያቱ ብርድ ነው። ባሕር ዳር በሁለት ቀን የሚደርሰው፣ ማርቆስ ላይ በክረምት ሦስትና አራት ቀን ይፈልጋል። መፍትሄው ገንዘብ አያስወጣም። ስታቦኩ ለብ ባለ ውሃ አቡኩ። እርሾውን ከወትሮው ትንሽ ጨምሩ። ቡሃቃውን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልላችሁ ማድቤት ውስጥ፣ ከእሳቱ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ሲሚንቶ ወለል ላይ ግን አታስቀምጡት። ከስሩ ጣውላ ወይም የታጠፈ ጆንያ አድርጉለት።

ሊጡ ደርሶ አይን ካልሰጠ ደግሞ አብሲቱን ጠርጥሩ። ጤፍ እንደ ስንዴ የሚለጠጥ ነገር የለውም። አየሩን ይዞ የሚያቆይለት የበሰለው አብሲት ነው። ቢጫውን ውሃ አጥልላችሁ ከሊጡ ከአስር እጅ አንዱን ያህል ውሰዱ። በሦስት እጥፍ ውሃ በጥብጡና እያማሰላችሁ እስኪፈላና እስኪወፍር አብስሉት። ከዚያ ይብረድ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚቸኩለው። የሚያቃጥል አብሲት ሊጡ ላይ ከገለበጣችሁ እርሾውን ገደላችሁት ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ብትጠብቁት ኩፍ አይልም። ጣታችሁን ከታችሁ ሳታወጡ እስከ አምስት መቁጠር ከቻላችሁ በቂ ነው። ፈጽሞ ቀዝቅዞ ቢገባም ጥሩ አይደለም፣ በተለይ ደጋ ላይ።

ሦስተኛው ኩፍ ሳይል መጋገር ነው። ቆላ ላይ አንድ ሰዓት ይበቃዋል። ማርቆስ ላይ ከሁለት ሰዓት በታች ነክቼው አላውቅም። ሊጡ ከፍ ብሎ፣ ላዩ በአረፋ ተሞልቶ፣ ተመልሶ ዝቅ ማለት ሲጀምር ያን ጊዜ ምጣዱን ጣዱ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ልክ ከሆነ የቀረው ምጣዱና ውፍረቱ ነው። ለዚህ ማሟሻው፣ መጀመሪያ ለሙከራ የምትጋግሩት እንጀራ፣ ይናገራል። ማሟሻውን ትንሽ አድርጋችሁ አስፉትና እዩት። አይኑ ዘግይቶ እዚህም እዚያም ብቻ ከወጣ ምጣዱ አልጋለም። አይኑ ደቃቅ ሆኖ ስሩ ካረረ የምጣዱ ሙቀት በዝቷል። ሊጡ አልሄድ ብሎ ወፍሮ ከቀረ ለብ ያለ ውሃ ጨምሩበት። አክንባሎውንም አይኑ ሳይወጣ አትክደኑ። በአንድ ማሟሻ ያወቃችሁት ሃያ እንጀራ ያድንላችኋል።

ቀኑን ሳትጠብቁ አቡክታችሁት እንግዳ ከመጣስ? ሊጡን አትድፉት። አንዱን በሌላው ላይ እያነባበራችሁ፣ መሃሉን በርበሬና ዘይት ቀብታችሁ አነባበሮ አድርጉት። አነባበሮ አይን አይጠየቅም።

ምጣዱ ይይዛል፣ እንጀራው አልነሳ ይላል

አብዛኛውን ጊዜ ምጣዱ በሳሙና ታጥቧል። የሸክላ ምጣድ ሳሙናውን ይመጥጣል፣ ያሟሸው ቅባትም ይነሳል። መፍትሄው እንደገና ማሟሸት ነው። ምጣዱን አግሉት፣ የተወቀጠ የጎመን ዘር በትኑበት፣ በጨርቅ እያሻችሁ እስኪጠቁርና እስኪያብረቀርቅ ደጋግሙት። በየእንጀራው መሃልም የጎመን ዘሩን በማሰሻ ማስኬድ ነው። ዘይት የሚጠቀሙ አሉ። እኔ አልወደውም፤ የእንጀራውን ጀርባ ያዥጎረጉረዋል፣ ዋጋውም አይቻልም። አንድ ብርጭቆ የጎመን ዘር ግን ስንት ጋገራ ይወጣል።

በጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳታፈሱ። ይሰነጠቃል። የተጣበቀ ነገር ካለ ጨው በትናችሁ በደረቅ ጨርቅ እሹት።

ግማሹ በስሏል፣ ግማሹ ጥሬ ነው

የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ የሚታይ ነው። ሊጡ ወደ አንድ ጎን ከፈሰሰ ምጣዱ ዘሟል፤ ከዝቅተኛው እግር ስር የእንጨት ስንጥር አስገቡ። ምጣዱ ሳይዘም አንድ ቦታ ብቻ ነጭ ሆኖ ከቀረ ከስሩ ያለው ሽቦ ተበላሽቶ ይሆናል። ሶኬቱን ነቅላችሁ ለሚሠራ ሰው ስጡት፤ በራሳችሁ አትነካኩት።

ምጣዱ ሁሉም ቦታ ቀዝቀዝ ካለ ደግሞ መብራቱ ደክሞ ይሆናል። ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ወጥ ሲጥድ ይደክማል። እኔ ንጋት ላይ መጋገር ከጀመርኩ ወዲህ ተገላግያለሁ። አንዴ ከጋለ የሳምንቱን ጋግሩበት። ምጣድ ደጋግሞ ማጋል ነው መብራቱን የሚበላው። የመጨረሻው እንጀራ ሲወጣ ሶኬቱን ንቀሉና በቀረው ሙቀት ቆሎ ቁሉበት ወይም በርበሬውን አድርቁበት።

በማግስቱ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል

ድብልቁን እዩ። መራዊና መጫ አካባቢ ጤፍን ከዳጉሳ መደባለቅ የቆየ ነው፣ በቆሎም ይገባበታል። ሁለቱም ወጪ ይቀንሳሉ። በቆሎ ሲበዛ ግን እንጀራው ቶሎ ይደርቃል። እኔ ከሦስት እጅ አንዱን አላልፍም። በቆሎ ያለበት ሊጥ ላይ አብሲቱን በርከት አደርጋለሁ፣ ልስላሴውን እሱ ያቆይለታል። ድብልቅ ሳይኖር ከደረቀ ምጣዱ ላይ ቆይቷል ማለት ነው። ጠርዙ ከምጣዱ መነሳት ሲጀምር ማውጣት ነው፤ ሌላ ደቂቃ አያስፈልገውም።

ይኮመጥጣል

ይሄ የሙቀት ችግር ነው። ባሕር ዳር በመጋቢትና በሚያዝያ ሊጡ በአንድ ሌሊት ሊያልፍበት ይችላል። ቢጫውን ውሃ ጠዋትና ማታ አጥልሉና ንጹህ ቀዝቃዛ ውሃ አድርጉበት። እርሾውንም በግማሽ ቀንሱ። ሶዳ የሚጨምሩ አሉ፤ ኮምጣጣውን ይቀንሰዋል፣ ጣዕሙን ግን ይወስደዋል።

ይሻግታል

ትኩሱን በትኩስ ላይ ከደረባችሁ እንፋሎቱ መውጫ ያጣል። ላስቲክ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ይባስ። እያንዳንዱን ሰፌድ ላይ አሳርፉ፣ ሲበርድ ደርቡ። ከአክንባሎው ክዳን የሚንጠባጠበውን ውሃ በየጊዜው ጥረጉ። ሞሰቡን ከጋገራ በፊት ፀሐይ ላይ አውሉት፤ የባለፈው ሳምንት ሻጋታ ስፌቱ ውስጥ ተደብቆ ይጠብቃል።

የሻገተውን ቦታ ቆርጦ ቀሪውን መብላት የለመደ አለ። እባካችሁ ተዉት። ሻጋታው አይን ከሚያየው በላይ ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል፣ ደግሞም ያሳምማል። ቁጠባው ከዚያ በፊት ነው። በሦስተኛው ቀን የተረፈውን ቆራርሳችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት። ድርቆሽ ይሆናል። ፀሐይ በሌለበት ክረምት የሚበርደው ምጣድ ላይ ይደርቃል። በደንብ የደረቀ ድርቆሽ ጆንያ ውስጥ ወራት ይቆያል፤ ቁርስ ለሌለበት ጠዋት ፍርፍር፣ መንገድ ለሚሄድ ልጅ ስንቅ ነው።

ቡሃቃው ይሸታል፣ ሊጡ ደርቆበታል

የደረቀ ሊጥ ላይ የፈላ ውሃ አታፍስሱ። ያበስለዋል፣ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ቀዝቃዛ ውሃ ሞልታችሁ ሁለት ሰዓት ተዉት፣ ራሱ ይላቀቃል። ጋግራችሁ ልትጨርሱ ስትሉ ደግሞ የቡሃቃውን ግድግዳ በትንሽ ውሃ አጥባችሁ የመጨረሻውን ሊጥ በሱ አቅጥኑት። አንድ ተጨማሪ እንጀራ ይወጣዋል።

የፕላስቲክ ባልዲ በሽቦ ሲፈተግ ይጫጫራል፣ በጭረቱ ውስጥ የቆየ ሊጥ ይኮመጥጣል። በጨርቅ እጠቡት፣ ከታጠበ በኋላ ለብ ባለ ውሃ አለቅልቁና ፀሐይ ላይ ድፉት። በረኪና ካስፈለገ ለብቻው ከውሃ ጋር ይሁን፣ ደህና አድርጋችሁም አለቅልቁት። ከሎሚ ወይም ከአቼቶ ጋር በፍጹም አይቀላቀል፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

እርሾውን ደግሞ በታጠበና በደረቀ ጠርሙስ አኑሩት፣ ክዳኑን ሳታጠብቁ። ፀጉር የመሰለ ነገር ካበቀለ ወይም ቀይ ካለ ድፉትና ከጎረቤት አንድ ብርጭቆ ለምኑ። የእኔ እርሾ አሁን ከባሕር ዳር የመጣው አይደለም። ያ ክረምቱን አልቻለውም። ሊጤን የነኩት እናት ከራሳቸው ቡሃቃ ቀድተው የሰጡኝ ነው።