ህፃኑ እየጠባ ይከተብ

የ6፣ የ10 እና የ14 ሳምንት ክትባት የምትሰጡ ነርሶች፣ ህፃኑን አልጋ ላይ አጋድማችሁ አትውጉት። የአፍ ጠብታውን አስቀድማችሁ ስጡና እናትየው ጭኑን ገልጣ ታጥባው። ጡቱን ከጥቁሩ ክፍል ጋር አፉን ሞልቶ ይዞ ሲውጥ እስክታዩ ጠብቁ፣ ከዚያ ውጉ፤ ከመርፌው በኋላም ከጡቱ አይነጠል። ጣፋጩ ወተት፣ መጥባቱ ራሱና የእናቱ ገላ ሙቀት ተደጋግፈው ሕመሙን ያደበዝዙለታል። የሳንባ ምች ክትባቱ ይበልጥ ስለሚያም መጨረሻ ላይ ይሁን። ደም መጣ አልመጣ ለማየት የመርፌውን መግፊያ ወደ ኋላ መሳብም ይቅር፤ በሚወጋበት የጭን ቦታ ትልቅ የደም ሥር ስለሌለ ሕመሙን ያራዝማል እንጂ አይጠቅምም።

እየጮኸ ያለን ህፃን ግን ጡት አታስገድዱት። መጀመሪያ ደረቷ ላይ አቅፋ ታባብለው።