የሲልቨር መኪና ፖሊሽ ስትመርጡ

ደሴና ኮምቦልቻ ሲልቨር መኪና የምትነዱ ወዳጆቼ፣ ይቺን ልብ በሉልኝ። የሚያብለጨልጨው ቀለሙ ውስጥ ያለው ደቃቅ የአሉሚኒየም ብናኝ ነው። ከላዩ ክሊር የሚባል ቀለም የሌለው መከላከያ ተቀብቷል። ፖሊሹ የሚነካው ክሊሩን ነው፤ እሱ ደግሞ ከአንድ ወረቀት የሳሳ ነው። ስለዚህ ጥልቅ ጭረት ከሌለ ኮምፓውንድ የሚባለውን በኃይል የሚፍቅ ሻካራ ፖሊሽ ተዉት። ደቃቁ ፖሊሽ ይበቃል።

ግሌዝ የሚባለው ማድመቂያ ቅባት ሌላ ነገር ነው። ጭረቱን አያጠፋውም፣ ሞልቶ ይሸፍነዋል እንጂ። ጥቂት ጊዜ ላቫጆ ከገባችሁ ታጥቦ ይሄዳል። ሲልቨር እንደሁ ጭረትን ከጥቁር በተሻለ ይደብቃል። ስለዚህ እኔ ብሆን ከግሌዝ ይልቅ ብሬን ሲላንት (ክሊሩን የሚጠብቅ ሰው ሠራሽ ቅባት) ላይ አውለዋለሁ። ካርናውባ ከሚባል የዘንባባ ዓይነት የሚገኘው ሰም ለጥቁርና ለቀይ ሞቅ ያለ ድምቀት ይሰጣል፤ የሲልቨርን ጥርት ያለ ብልጭታ የሚያወጣው ግን ሲላንት ነው።

ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ኮፈኑን በመዳፋችሁ ንኩት። ካቃጠላችሁ ፖሊሽ እንዳታስነኩት፣ ወዲያው ደርቆ ይጣበቃል። ጥላ ስር ይብረድ። አቧራውንም በደረቅ ጨርቅ አትጥረጉት፣ አደራ! እሱ ራሱ ነው የሚጭረው። መጀመሪያ በደንብ ይታጠብ፣ ከዚያ በንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ትንሽ ትንሽ እየቀባችሁ እሹት።