ዳውን ሲንድረም ላለበት ልጅ የትምህርት ድጋፍ እንዴት ይጠየቃል? ሐዋሳ ለሚኖር ወላጅ

ብዙዎቻችን ትምህርት ቤት ፍለጋ የምንወጣው መስከረም ሲጠባ ነው። ያን ጊዜ ክፍሉ ሞልቷል፣ መምህራንም ተመድበዋል። እኔም ልጄን ይዤ በዚያው ሰሞን ሄጄ "ለእርሷ የሚሆን መምህር የለንም" ተብዬ ተመለስኩ። በሁለተኛው ዓመት ሥራውን ሚያዝያ ላይ ጀመርኩት።

መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ከልብ ችግር ጋር ይወለዳሉ። ብዙዎቹ ደግሞ ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ እየተጠራቀመባቸው በደንብ አይሰሙም፤ ያልሰማ ልጅ ደግሞ "አይገባውም" ይባላል። የልብ፣ የጆሮ፣ የዓይንና የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለ ዕጢ) ምርመራ መደረጉን ጠይቁ። እኛ ሪፈራል በምንለው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከሕፃናት ሐኪም መጀመር ይቻላል። ውጤቱን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ኮፒውንም እቤት አስቀምጡ።

የሐኪሙ ወረቀት ግን የሚናገረው ልጁ የጎደለውን ነው። የሚችለውን የምትጽፉት እናንተ ናችሁ፤ በእኔ ግምት ከሁሉም በላይ በር የሚከፍተው ይህ ነው። አንድ ደብተር ይዛችሁ ለሁለት ሳምንት ያያችሁትን ብቻ መዝግቡ። እኛ ቤት ቡና ሲፈላ ሲኒ የምትደረድረው ልጄ ናት። አራት ሰው ከተቀመጠ አራት ሲኒ ታወጣለች፤ ጎረቤት ብቅ ካለች ተመልሳ አምስተኛውን ታመጣለች። "አምስት" የሚለውን ቃል ግን አትጠራውም። ይህን ለርዕሰ መምህሯ ሳነብላት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ "እንግዲያው ትቆጥራለች ማለት ነው" አለች። እነዚህ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ከሚናገሩት በላይ ይረዳሉ፤ ከሚሰሙት ይልቅ በሚያዩት ይማራሉ። ሥዕልና የእጅ ምልክት የሚረዳቸው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ወደ ክፍለ ከተማችሁ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ ማን እንደሆነ ጠይቁ። ልዩ ክፍል፣ ማለትም ልዩ ድጋፍ የሚሹ ልጆች ለብቻ የሚማሩበት ክፍል ያለው የትኛው ትምህርት ቤት ነው? የአካቶ ትምህርት (ጉዳት ያለባቸውና የሌለባቸው ልጆች አብረው የሚማሩበት) ድጋፍ መስጫ ማዕከልስ? የማስተማሪያው ቋንቋ ሲዳምኛ ነው ወይስ አማርኛ? (ሁለት ቋንቋ ልጁን ያደናግረዋል ብላችሁ የቤታችሁን ቋንቋ አትተዉ፤ ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆችም ሁለት ቋንቋ ይለምዳሉ።) ጥያቄያችሁን በማመልከቻ አቅርቡ፤ በእጃችሁ በሚቀረው ኮፒ ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም አስደርጉ። እምቢ ከተባላችሁ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጣችሁ። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 24 ማንም ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከነፃ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እንዳይገለል ይደነግጋል። ይህን በማመልከቻው ውስጥ አንድ መስመር ላይ አስፍሩት፤ ጭቅጭቅ አያስፈልግም።

ትምህርት ቤቱን በእረፍት ሰዓት ሄዳችሁ እዩት። ልዩ ክፍል የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ያለ ሥራ የሚቀመጡበት ቦታ አይቻለሁ። በሩ ባጃጅ ወደሚበዛበት መንገድ የሚከፈት ከሆነ ጥበቃው ማን እንደሆነ ጠይቁ። መጸዳጃ ቤቱንም ሳታዩ አትመለሱ።

ቦታ ከተገኘ በኋላ ከመምህሯ ጋር የልጁን የግል የትምህርት ዕቅድ አውጡ። ለአንድ መንፈቅ ሁለት ወይም ሦስት ግብ ይበቃል። "ማንበብ ይልመድ" ዕቅድ አይሆንም፤ "ከሦስት ስሞች መካከል የራሱን ስም ለይቶ ያሳያል" ይሆናል። ለግማሽ ሰዓት ያህል በየወሩ ተገናኙና ምን እንደሠራ፣ ምን እንዳልሠራ ተነጋገሩ። የዕቅዱ አንድ ቅጂ በልጁ ፋይል ውስጥ ይግባ፤ መምህሯ በዓመቱ አጋማሽ ከተዛወረች ተተኪዋ ከዚያ ትቀጥላለች።